በሚዶ የተበሳ ብስኩት

ባለፈው ሳምንት ዳንግላ ሳሙና ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ በኔ ዕድሜ ያለ ጎረምሳ ነው። ባንኮኒው ላይ ብስኩት ፈቶ ራሱ ይበላል። ሽታው ገና ከበሩ ተቀበለኝ። ስኳር ይሁን ወተት ይሁን እንጃ፣ ብቻ ያ ሽታ ነው፣ ጣሳ ሲከፈት ብድግ የሚለው። ሳሙናውን ረስቼ ቆምኩ።

«ቅመስ» አለኝ፣ አንዱን ገፋ አድርጎ።

ቀመስኩት። «ይኼ ብስኩት አይደለም» አልኩት።

«ታዲያ ምንድን ነው? ጫማ ነው?»

«እነዚህን ቀዳዳዎች ማን ነው የበሳቸው?»

«ፋብሪካ ነዋ።»

«እኮ! አንድ ሰው እንኳ አልተጨነቀባቸውም።»

ከላይ እስከ ታች አየኝና «መጀመሪያ ጸጉርህን አበጥር፤ ስለ ብስኩት ከዚያ ታስተምረኛለህ» አለኝ።

ሳሙናውን ትቼለት ወጣሁ። እንዲህ ነኝ። ከሰባተኛ ክፍልም የወጣሁት እንዲሁ ነው፣ አስተማሪው አንድ ቃል ተናገረኝ፣ እኔ ሦስት መለስኩለት፣ አለቀ። ብቻ ጥቂት እንደሄድኩ ሳቄ መጣ። ብስኩትንና ማበጠሪያን አንድ ላይ ያነሳብኝ ሰው ከዚያ ዓመት ወዲህ እሱ የመጀመሪያው ነው።

ያኔ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ቢበዛ ዘጠኝ። የምንኖረው እዚያው ዳንግላ ነው። አባቴ ጋሪ ነጂ ስለሆነ ጠዋት ፈረሱን ጠምዶ ከወጣ የምናየው ማታ ነው። ቀን ቀን ቤት ያለነው እማዬ፣ እህቴ የሺ፣ እኔና አባባ ነን። አባባ የእማዬ አባት ናቸው። ሚስታቸው ሲሞቱባቸው እማዬ ከእንጅባራ በላይ ካለው ብርዳም አገራቸው አምጥታ እኛ ጋ አስቀመጠቻቸው። ሲመጡ ሁለት ነገር ብቻ ይዘው ነው የመጡት፣ ስልቻ ሙሉ ገብስና ኮርቻ። ፈረሱ የለም፣ ኮርቻው ብቻ። መደባቸው ራስጌ አድርገው ይደገፉታል።

ጥርስ የሚባል የላቸውም። የፊት ሁለቱን ፈረስ ረግጦ ነው ያወለቃቸው። «የቀሩትስ?» ስላቸው «እነሱማ ጓደኞቻቸውን ተከትለው ሄዱ» አሉኝ። እኔ አመንኩ። አንድ ጥርስ ሲወልቅ ሌሎቹን ጠርቶ ይዟቸው የሚሄድ መስሎኝ፣ የራሴ አንዱ መነቃነቅ የጀመረ ቀን አፌን በጨርቅ አስሬ ትምህርት ቤት ሄድኩ። አስተማሪው «ምን ሆነህ ነው?» አለኝ። እንዳልመልስ አፌ ታስሯል። አልመለስክም ብሎ ገረፈኝ። እስካሁን ስሙን ስሰማ ደሜ ይፈላል።

አባባ ከተማ የሚባል ነገር አልወደዱም። አቧራውን ይረግማሉ፣ የጋሪውን ጩኸት ይረግማሉ፣ በአገውኛ ሰላም ብለውት የማይመልስላቸውን ሰው ከሁሉም አብልጠው ይረግማሉ። አንድ ነገር ብቻ ወደዱ፣ ብስኩት። ከጋሼ ሰይድ ሱቅ ነው የምናመጣላቸው። ጋሼ ሰይድ ትልቅ ጣሳ ከባንኮኒው ሥር ያስቀምጡና እጃቸውን ሰደው በቁጥር ያወጣሉ፣ ጣሳው ራሱ ምን እንደሚመስል ግን ማናችንም አይተን አናውቅም።

አባባ ሲበሉ ማየት ነበር። ሻያቸው ይቀዳል። ብስኩቱን በሁለት ጣት ይዘው ሻዩ ውስጥ ያጠልቁታል፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ይቆጥራሉ፣ ያወጡታል። ከዘገዩ ተቆርሶ ይሰምጣል። ከቸኮሉ ድዳቸውን ይወጋቸዋል። ልኩን ሲያገኙት ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የተሰበረ ብስኩት የኔ ነው፣ ሕጋችን ነው። ስለዚህ ሲልኩኝ መንገድ ላይ ኪሴን በቡጢ እመታ ነበር። «ዛሬም ተሰበሩ?» ይላሉ። «መንገዱ ድንጋያማ ነው» እላለሁ። ቀዳዳዎቹ ደግሞ ለሻይ የተሠሩ በሮች ይመስሉኝ ነበር። ፈረንጅ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ አንድ ባንድ በሚስማር ሲበሳቸው ነበር የሚታየኝ። ሥራው ያሳዝነኝ ነበር።

ከብስኩት በተቃራኒ የሚጠሉት በሶ ነው። በጠላት ጊዜ በረሃ ገብተው አምስት ዓመት በሶ ብቻ ነው የበሉት። «ጠላት ሲወጣ በሶም አብሮ ወጥቷል፣ ሁለተኛ በአፌ አይዞርም» ይሉ ነበር። እማዬ በሶ መበጥበጥ ስትጀምር ከዘራቸውን ይዘው ይወጣሉ።

እንግዲህ የዚያ ዓመት ቅበላ ደረሰ። የመጨረሻው እሁድ፣ በማግስቱ ሁዳዴ የሚገባ። ቤታችን በግ ታርዷል፣ እማዬ የየሺን ጸጉር ሠርታ አናቷ ላይ ቅቤ ከምራበታለች፣ አሪቲ ያለበት፣ ሽታው ከግቢ ውጭ የሚሰማ። የነፍስ አባታችን መምሬ እንየው ከአባባ ጎን ተቀምጠው ይበላሉ። እኔ ከጋሼ ሰይድ ሱቅ እየበረርኩ መጣሁ። ባዶውን ጣሳ ሰጥተውኛል። እንዲህ ያለ ዕቃ በእጄ ገብቶ አያውቅም። መሐል ላይ አስቀመጥኩትና «አባባ፣ ብስኩትዎ ላም አለበት» አልኩ።

በእርግጥም ጣሳው ላይ ላም ተስላለች። ቀይ፣ አንገቷ ላይ አበባ ያሰረች።

መምሬ ጣሳውን አነሱና አገላበጡት። «ጡቷ ሙሉ ነው» አሉ፣ ቀስ ብለው። «ጡቷን እንዲህ ሞልቶ የሳለ ሰው ያለ ምክንያት አልሳለውም። የሺ፣ ሂጂና ሰይድን ጠይቂ።»

የሺ ሄዳ ተመለሰች። «ወተትም ቅቤም አለው ብለዋል። ቀድሞ የጠየቀኝ ሰው የለም ብለዋል።»

እማዬ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ላሟ ተፈጭታ ብስኩቱ ውስጥ የገባች መስሎኝ «ቀንዷስ?» ብዬ ጠየቅሁ። የሺ ቆነጠጠችኝ።

«አያ ዓለሙ» አሉ መምሬ፣ «ባለፈው ሁዳዴ ይኼን ነገር ቀምሰው ነበር?»

ቀምሰው! ባለፈው ሁዳዴ ሃምሳ አምስቱንም ቀን ነው የበሉት። ዘጠኝ ሰዓት ጠብቀው፣ አማትበው፣ ጾመኛ ነኝ ብለው።

አባባ ጎርሰው የነበረውን አላምጠው ጨረሱ፣ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። ከዚያ «ከተማ ነው ያሳተኝ» አሉ። «አገሬ ሳለሁ አንድ ቀን ጾሜን ፈትቼ አላውቅም። ምሕረቴ በሁለተኛው ቅዳሜ በቅሎ ይዞ ይምጣልኝ። እሄዳለሁ።» ምሕረቴ የወንድማቸው ልጅ ነው፣ ገበሬ።

«አባዬ፣ እዚያ ማን አለዎት?» አለች እማዬ። «ምሕረቴ ቀኑን ሙሉ እርሻ ነው። ቤትዎ እንኳ ጣራው ወርዷል።»

«ሰማይ አለው።»

መምሬ ለንስሐ ስግደት ሰጧቸው። እኔን ማንም ምንም አላለኝም፣ እሱ ነው የባሰው። አባባ ከሄዱ ማን ተረት ይነግረኛል፣ ኮርቻው ላይ ማን ያስቀምጠኛል? ከዚያ በላይ ደግሞ እዚያ ብርድ ውስጥ ጣራ በሌለው ቤት ብቻቸውን ተቀምጠው ታዩኝ። ያባረረቻቸው ላሟ አይደለችም። እኔ ነኝ።

ሰኞ ጓሮ ተደብቄ ሳለሁ የሺ መጣች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ትምህርት ቤት አላስገቧትም፣ ግን ከኔም ከአስተማሪዬም ትበልጥ ነበር።

«አልቅሰህ ጨረስክ?»

«አላለቀስኩም።»

«ምላስህ ነው ያስኬዳቸው፣ እንግዲህ እጅህ ይመልሳቸው። ተነስ። ላም የሌለበት ብስኩት እንሠራለን።»

«በምን እንጋግረዋለን? ምጣድ ላይ ከጣልነው ቂጣ ነው፤ አባባ ቂጣ ያውቃሉ።»

«አይጋገርም» አለች። «ገብሱ አንዴ ተቆልቷል። ሁለተኛ እሳት ምን ያደርግለታል?»

ገባኝ። ፈራሁ። «በሶ ነው የምትዪው? አባባ እኮ…»

«በሶ ያለ ማን አለ? ብስኩት ነው።»

እማዬ ገበያ በሄደች ቁጥር እንሠራለን። ከአባባ ስልቻ ከመጣው ገብስ የተፈጨውን በሶ የሺ በነጠላ ነፋችው፣ ዱቄቱ ደቀቀ፣ ሲነፍሱበት የሚበር ሆነ። በወተት ፋንታ ሱፍ ወቅጠን፣ በውሃ አሽተን፣ አጠለልነው። ነጭ ሆኖ ወረደ፣ ወተት ነው ብትለው ጥጃ ይጠጣዋል። ማር ጨመርን። እኔ የማሩ ሹም ነበርኩ፣ ግማሹን በጣቴ አስቀረሁት።

የመጀመሪያውን የቆረጥነው በኩራዝ ክዳን ነው። ክቡ ልክ ነበር። ስቀምሰው ላምባ ላምባ አለኝ። «ብስኩት ሳይሆን መብራት ነው የሠራነው» አለችና ለዶሮዎቹ ጣለችው። ዶሮዎቹም አልነኩትም። ሁለተኛውን ሱፉን አብዝተንበት ሰፌዱ ላይ ተጣብቆ ቀረ፣ በቢላ ነው የፋቅነው። ሦስተኛው ጠንከር ብሎ ተቦካ፣ በሻይ ብርጭቆ አፍ ቆረጥነው፣ እንደ ብስኩት ስስ፣ እንደ ብስኩት ክብ። ከበዓሉ የቀረ አንድ ደህና ብስኩት ደብተሬ መሐል ደብቄ ነበርና አወጣሁት፣ አጠገብ ላጠገብ አስቀመጥናቸው።

«ቀዳዳ ይጎድለዋል» አልኩ።

በእሾህ ሞከርኩ። ጠማማ ሆነ፣ ፈንጣጣ የወጣበት ፊት መሰለ። የሺ ትንሽ አሰበችና ከጸጉሯ ላይ ሚዶዋን ነቅላ ጥርሱን ሊጡ ላይ ተጫነችው። አንድ መስመር፣ እኩል፣ ቀጥ ያለ። ሁለተኛ መስመር። ሦስተኛ። ፈረንጁ በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ ቀኑን ሙሉ የሚለፋበትን እህቴ ሦስት ጊዜ ተጭና ጨረሰችው። ያን ቀን ያልኮራሁ መቼም አልኮራም።

ከቤቱ ኋላ ስስ ጨርቅ አልብሰን ፀሐይ ላይ አዋልነው። ዝንብ የማባርረው እኔ ነኝ። እስከ ማታ ጠርዙ ደረቀ፣ ሲሰብሩት ቀጭ አለ። ቀለል ያለ ነገር ነው፣ አሥር ብትበላ ሆድህ አያውቅም። ጣሳውን ደግሞ እኔ ያዝኩ። አሸዋና አመድ ይዤ ላሟን ፈገፈግኳት። ጡቷ ጠፋ፣ እግሯ ጠፋ፣ አበባዋ ጠፋ። አንድ ቀንዷ ግን አልለቅ አለ፣ ተውኩት።

ሐሙስ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የሺ ጣሳውን ይዛ ገባች፣ እኔ ሻዩን ይዤ ተከተልኩ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉ አባባ።

«የጾም ብስኩት ነው» አልኩ። «ጋሼ ሰይድ አሁን ያስመጡት። ከአስመራ። ላም የሚባል የለበትም።»

አባባ ጣሳውን አዞሩት። ቀንዱን አዩት መሰለኝ። አንዱን አወጡ፣ አማተቡ፣ ሻዩ ውስጥ አጠለቁት። ከንፈራቸው ቆጠረ። አወጡት፣ አልተቆረሰም። አፋቸው ውስጥ ሲገባ እኔና የሺ ትንፋሻችንን ዋጥን። አላመጡ። ቆም አሉ። እኔን አዩኝ፣ የሺን አዩ። እንደገና አላመጡ። ዓይናቸውን ግን አልጨፈኑም።

«አስመራ ገብስ ይበቅላል?» አሉ።

«በሽ ነው» አልኩ። አስመራ የት እንዳለ አላውቅም።

«ደህና ነው» አሉና ሁለተኛ አነሱ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ በሉ። በመጀመሪያው ቅዳሜ መምሬ ከቅዳሴ መልስ ብቅ ብለው ከጣሳው ተጋበዙ። ስለመሄድ ግን አባባ ምንም አይሉም። «አባባ፣ ይቀራሉ አይደል?» ስላቸው «ቅዳሜ ይታያል» ብቻ ነው መልሳቸው። በቅሎ የሚያመጣውን ምሕረቴን እግሩ እንዲሰበር ጸለይኩ። ከዚያ አዘንኩለትና እንቅልፍ እንዲወስደው ብቻ ለመንኩ።

አልወሰደውም። ሁለተኛው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ምሕረቴ በቅሎዋን እየሳበ ደጃችን ቆመ። እማዬ ስንቅ ታስራለች፣ ዓይኗ ቀልቷል። አባባ ኮርቻቸውን አስወጥተው በቅሎዋ ላይ አስጫኑት። መምሬ ሊመርቁ መጥተው ደጅ ወንበር ቀረበላቸው። የሺ ጣሳውን ይዛ ቀረበች።

መምሬ አንድ ብስኩት አንስተው ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ ቆሙ። አሸተቱ። መለስ አደረጉና እንደገና አሸተቱ። የሺ ጣሳውን ይዛ ጎንበስ ብላ አጠገባቸው ናት። መምሬ ብስኩቱን አዩ፣ የየሺን አናት አዩ።

«አንቺ ልጅ፣ ይኼ ብስኩት አሪቲ ይሸታል።»

«አስመራ እንዲህ ነው» አልኩ ቶሎ ብዬ።

«አንተን አልጠየቅሁም። የሺ፣ እነዚህ ቀዳዳዎች በምን ነው የተበሱት?»

የሺ ሁሉን ነገር መዋሸት ትችላለች፣ ካህን ላይ ግን አትችልም። እጇን ወደ ጸጉሯ ሰደደችና ሚዶውን ነቀለች። በጥርሶቹ መሐል የቅበላው ቅቤ ብጫ ሆኖ ተቀምጧል። እኛ እኮ ላሟን በአንድ በር አስወጥተን በሌላው አስገብተናታል።

«እግዚኦ» አለች እማዬ። «ልጆች፣ ምንድን ነው ያበላችኋቸው?»

ተለፈለፈ። እኔ ነኝ የለፈለፍኩት። በሶውን፣ ሱፉን፣ ማሩን፣ ሚዶውን፣ ጣሳውን ሁሉንም ተናገርኩ። በሶ ያልኩ ጊዜ አባባን ለማየት ፈራሁ፣ የበቅሎዋን እግር እያየሁ ነው የጨረስኩት። አለቀ አልኩ በልቤ። ጾማቸውን ሁለተኛ አስፈታናቸው፣ በዚያ ላይ በሶ።

«አያ ዓለሙ፣ ያውቁ ነበር?» አሉ መምሬ።

«በሶውን ከመጀመሪያው ጉርሻ ነው ያወቅሁት» አሉ አባባ። «አምስት ዓመት የበላሁትን አጣዋለሁ? በዚያ ላይ የገዛ ገብሴ ነው። ከስልቻዬ አስመራ ድረስ ልከው አስመጡልኝ።»

«ቅቤውንስ?»

«ሽታው መጥቶብኝ ነበር። ግን ሁልጊዜ ይዛው የምትመጣው እሷ ናት፣ ጸጉሯ ነው ብዬ ተውኩት።»

«እንግዲህ ሳያውቁ ነው። ቢሆንም ንስሐ…» ብለው መምሬ ሲጀምሩ የሺ አንገቷን ደፍታ፣ በጣም ቀስ ብላ «መምሬም ባለፈው ቅዳሜ አራት በልተዋል» አለች።

ምሕረቴ ፊቱን ወደ በቅሎዋ አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

መምሬ እጃቸው ላይ ያለውን ብስኩት እንደ ፍም አዩት። ጣሳው ውስጥ መልሰው አስቀመጡት። «አራት ነበር?» አሉ።

«አምስት» አልኩ እኔ። «አንዱ ኪስዎ ገብቷል።»

አባባ ሳቁ። ጥርስ የሌለው ሰው ከልቡ ሲስቅ ድምፅ የለውም፣ ሆዱ ብቻ ነው የሚስቀው። እንባቸው ወረደ። «እንግዲህ መምሬ» አሉ፣ «እርስዎስ ለማን ሊናዘዙ ነው?»

«እኔም የንስሐ አባት አለኝ» አሉ መምሬ፣ ግን ጢማቸው ሥር እየሳቁ ነበር። ሁላችንም አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት እንድንሰግድ ፈረዱ፣ ራሳቸውም አሉበት። ሚዶው በአመድ ይታጠብ፣ ጣሳው ውስጥ ያለው ለውሻ ይሰጥ ተባለ። ደጃችን ላይ ተሰልፈን ሰገድን። በጋሪ የሚያልፍ ሰው ምን በዓል ነው ብሎ ጠየቀ።

ስግደቱ ሲያልቅ ሁሉም ወደ በቅሎዋ ዞረ። ምሕረቴ ልጓሙን ይዞ «አባ፣ እንግዲህ እንሂድ፣ ፀሐይ ሳይጠና» አለ።

አባባ ጉልበታቸውን እያራገፉ ቆሙ። እኔን ትንሽ አዩኝ። «ምሕረቴ» አሉት፣ «አንተ ዋሽተህ ታውቃለህ?»

«ኧረ እኔ አልዋሽም አባ።»

«እኮ። እዚያ ብሄድ ማን እንዲህ ለፍቶ ይዋሸኛል? ኮርቻውን አውርደው።»

እማዬ ያሰረችውን ስንቅ ለምሕረቴ ሰጠችው። በሶ ነበር።

ለሳምንት ያህል አባባ ደጅ ተቀምጠው ወይራ ሲጠርቡ ሰነበቱ። ምን እንደሆነ አይነግሩንም። ያወጡት ሚዶ ነው፣ ዘጠኝ ጥርስ ያለው፣ ጸጉር ነክቶት የማያውቅ። ኮርቻው ጫፍ ላይ ሰቀሉትና «ይኼ የብስኩት ነው። ራስ ላይ ያዋለው እጁን ይሰጠኛል» አሉ። ፋሲካ እስኪደርስ በእሱ በሳን። አባባ በሶውን ሻይ ውስጥ ያጠልቃሉ፣ ይቆጥራሉ፣ ያወጣሉ። ስሙን ግን አንድ ቀን በሶ አላሉትም። «አስመራዬን አምጡ» ነው የሚሉት፣ ዓይናቸውንም ከዚያ ወዲያ መጨፈን ጀመሩ።

ያ ጎረምሳ ጸጉርህን አበጥር ያለኝ ቀን ሚዶው ኪሴ ውስጥ ነበር። አሁንም አለ። ዘጠኙም ጥርሱ ደህና ነው። ጸጉሬ ደግሞ እንደምታዩት ነው።